ጡረተኛው ሲታመም ከማን ተራ ይቆጠራል?

የዛሬው ጉዳያችን የፍቅር አይደለም፤ የምቀኛ ጎረቤት ነገርም አይደለም። ግን ስንት ቤት ያናጋ ጉዳይ ነው። ጡረታ የወጣ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ራሳችሁም ዕድሜያችሁ ወደ 60 እያዘገመ ያለ፣ እስቲ ጠጋ በሉ።

እኛ ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጡረተኛ ሞልቷል። (ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ስንት ዘመኑ! ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ ይጠራል። ጡረተኞቻችንም እንደዚያው ናቸው፤ መሥሪያ ቤት ከለቀቁ 15 ዓመት ያለፋቸው ሰው ዛሬም “ሒሳብ ሹሙ” ናቸው፣ ዛሬም “ሻምበል” ናቸው።) ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ታገኟቸዋላችሁ። ወሬያቸው ሁለት ነው። አንዱ የአበሉ ማነስ፣ ሌላው በሽታ። ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ጉልበቱ፣ ዓይኑ… ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ምኒልክ ወይም ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል ቁልቁል ይወርዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ታዲያ ሐኪሙ “ምንዎን አመመዎ?” ከማለቱ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከፋዩ ማነው? እርስዎስ ተጠቃሚ ነዎት ወይ?

ይቺ ጥያቄ ቀላል እንዳትመስላችሁ።

አንድ የሰፈራችን ሰው አሉ፤ ስማቸው ይቆየን። 31 ዓመት ሙሉ በአንድ ድርጅት ሾፌር ሆነው ኖረዋል። ድርጅቱ የዱቤ ሕክምና የሚሉት ነበረው። ሠራተኛው ውል ወደተያዘበት ሆስፒታል ይሄዳል፣ መታወቂያውን ያሳያል፣ ይታከማል፣ ፈርሞ ይወጣል። ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ለድርጅቱ ይላካል። ሚስትና ልጆችም በእሱ ስም ይታያሉ። ሰውየው 60 ሲሞላቸው የሽኝት ዝግጅት ተደረገላቸው። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተሸለሙ፤ አለቃቸውም ተነሥተው “እርስዎ ምን ጊዜም የዚህ ቤተሰብ አባል ነዎት” አሏቸው። እሳቸውም የዋህ ናቸውና ቃሉን እንደ ቃል ያዙት። ሁለት ወር ሳይሞላ ባለቤታቸውን ደም ግፊት ጣላቸው። አፋፍሰው እዚያው የለመዱት ሆስፒታል አደረሷቸው። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ መዝገቡን አገላብጣ፣ “አባባ፣ ስምዎ ከዝርዝሩ ወጥቷል” አለቻቸው።

በቃ። ነገሩ ይኸው ነው። ድርጅቱ በየጊዜው ለሆስፒታሉ የስም ዝርዝር ይልካል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ይታከማል፣ የሌለ በኪሱ ይከፍላል። ሽኝት ላይ የተነገረው “ቤተሰብ” ሌላ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው “ቤተሰብ” ሌላ።

ሰውየው በጣም ተናደው ነበር። መክሰስም አስበው ነበር። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የሕክምና ወጪ እንዲሸፍን ያስገድደዋል እንጂ፣ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ የተቀመጠን ሰው ደም ግፊት አክም አይለውም። ጡረተኛ በድርጅቱ ወጪ እንዲታከም ከተባለ፣ ያ ነገር ወይ በኅብረት ስምምነቱ ላይ ወይ በድርጅቱ የውስጥ መመሪያ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። “ሠራተኛ” የሚለው ቃል ብቻውን ጡረተኛን አይጨምርም። ኅብረት ስምምነት ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ የሚታደስ ነገር ነው፤ ዘንድሮ ያለው አንቀጽ በሚቀጥለው ድርድር ላይ ላይኖር ይችላል። ድርድሩ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ በሥራ ላይ ያሉት ናቸው። ጡረተኛው ወንበር የለውም።

ይኼ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹ በዚሁ ነገር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ድረስ ተካሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ኤሪሳ የሚባል ሕግ አላቸው፤ የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም ዕቅዶች የሚተዳደሩበት ነው። ሕጉ “ተሳታፊ” ሲል ሥራ የለቀቀንም ሰው ይጨምራል ወይ የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1989 ፋየርስቶን በተባለው የጎማ ኩባንያ ጉዳይ ተነሣ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ መሰላችሁ? የለቀቀ ሰው ተሳታፊ የሚባለው ወይ ወደዚያ ሥራ እመለሳለሁ ብሎ በምክንያት የሚጠብቅ ከሆነ፣ ወይ ደግሞ “ይኼ ጥቅም የእኔ ሆኗል” ብሎ ለመከራከር የሚያበቃ መሠረት ካለው ነው አለ። ዝም ብሎ “ድሮ እዚያ ሠርቻለሁ” ማለት አያስቆጥርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጡረተኞች ከቀድሞ ፋብሪካቸው ጋር ስለ ሕክምናቸው ተካሰው፣ ያው ፍርድ ቤት ስምምነቱ “ዕድሜ ልክ” የሚል ቃል ካልያዘ ዕድሜ ልክ ነው ብሎ ከወዲሁ መገመት አይቻልም አለ። እዚያ ጠበቃው እንደ አሸዋ በሞላበት አገር እንኳ ነገሩ የሚያልቀው አንድ ቃል ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ።

በወረቀት ላይ ያለው ጡረተኛ

በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። እውነት ለመናገር ጡረተኛውን አልረሳውም። አባል የሚሆኑት ደመወዝተኛውና ጡረተኛው ናቸው። በ2005 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 271 ላይ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪውም 3 ከመቶ እንዲያዋጡ፣ ጡረተኛው ደግሞ ከአበሉ 1 ከመቶ ብቻ እንዲከፍልና መንግሥት 1 ከመቶ እንዲጨምርለት ተባለ። ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን እየተገፋ፣ እየተገፋ ሄደ። ሠራተኛው “ደመወዜ ላይ ሌላ ቅነሳ?” ብሎ አጉረመረመ፤ ጤና ጣቢያዎቹም መድኃኒት የላቸውም ተባለ። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ እንኳ ከጡረተኛው አበል ላይ መዋጮው መቆረጥ አልጀመረም ነበር። ጡረተኛው መዝገቡ ላይ ሳይሰፍር በአዋጅ ብቻ “አባል” ተብሎ ስንት ክረምት አለፈ። በዚህ መሀል ስንቱ አረፈ!

አሁን ልብ በሉ። “ጡረተኛ” ራሱ ማነው? ዕድሜው የገፋ ሁሉ ጡረተኛ አይደለም። በሕግ ዓይን ጡረተኛ የሚባለው በየወሩ አበል የሚቀበል ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጡት የጡረታ አዋጆች፣ የመንግሥት ሠራተኛው በ714፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው በ715፣ 60 ዓመት የሞላው ሰው የዘለቄታ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ነው። (ሁለቱም አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በ1267 እና በ1268 ተተክተዋል።) 9 ዓመት ተኩል ሠርቶ የወጣ ሰው አንድ ጊዜ የምትሰጥ ገንዘብ ይዞ ይሰናበታል። ገንዘቧ ካለቀች በኋላ ጡረተኛ አይደለም። ጡረተኛ ካልሆነ ደግሞ በ690 በኩል አባል አይደለም። ስድስት ወር ስለጎደለው!

ሌላም አለ። ከ2003 ዓ.ም. በፊት በግል ድርጅት የሠራ ሰው፣ ይህን ያህል ዓመት ቢለፋም፣ በመንግሥት የጡረታ ሥርዓት ውስጥ አልነበረም። ብዙዎቹ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባለውን ይዘው ወጡ፤ ቤት አደሱበት፣ ልጅ ዳሩበት፣ አለቀ። የቤት ሠራተኛዋማ ጭራሽ አልተነሣችም። 40 ዓመት የሰው ልጅ ያሳደገች፣ ወጥ የሠራች፣ ልብስ ያጠበች ሴት ሕጉ የሚለው “ሠራተኛ” ውስጥ አልገባችም፤ ስለዚህ ስታረጅ ጡረተኛ አትባልም። እሷን ማን ይቁጠራት?

ሚስት፣ ልጅ፣ እናት

በመድኑ ቋንቋ ሁለት ቃላት አሉ። “አባል” የሚባለው መዋጮ የሚከፍለው ነው። “ተጠቃሚ” የሚባሉት ደግሞ አባሉና በእሱ በኩል የሚታከሙት ቤተሰቦቹ ናቸው። ቤተሰብ ሲባል ግን እኛ ቡና ላይ እንደምንለው ቤተሰብ አይደለም። የትዳር ጓደኛና 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። አለቀ።

ይኼንን ከጡረተኛ ቤት ጋር አስተያዩት። የ65 ዓመት ሰው ቤት ውስጥ 18 ያልሞላው ልጅ የት ይገኛል? እሱ ቤት ያለው ልጇን ጥላ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ያስቀመጠችው የልጅ ልጅ ነው። ሥራ አጥታ የተቀመጠች የ27 ዓመት ልጅ ነች። አልፎ ተርፎም ከገጠር የመጡ የ90 ዓመት እናት አሉ። አዋጁ የተጻፈው ለወጣት ባልና ሚስት ይመስላል፤ ጡረተኛው ቤት ሲገባ ከአምስቱ ነፍስ ሁለቱን ቆጥሮ ይወጣል። የልጅ ልጅን በፍርድ ቤት ጉዲፈቻ ካላደረጉት በስተቀር “እኔ ነኝ ያሳደግሁት” ማለት ወረቀት አይሆንም።

የሚገርመው፣ የጡረታ ሕጉ ራሱ ወላጅን ያውቃል። ሠራተኛው ወይም ጡረተኛው ሲሞት ተተኪ ከሚባሉት መካከል በእሱ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆች አሉበት። ለሚስት ወይም ለባል ከአበሉ ግማሽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ከመቶ፣ ለወላጅ 15 ከመቶ ተብሎ በ2003ቱ አዋጆች ተጽፏል። ስለዚህ እናት ልጃቸው ሲሞት ይቆጠራሉ፤ ልጃቸው በሕይወት እያለ ሲታመሙ ግን አይቆጠሩም። እኔ ይኼን ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት።

የሚስት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። አባሉ ባል ነው፤ እሷ በእሱ በኩል ተጠቃሚ ነች። እሱ ሲያርፍስ? እዚህ ላይ ሚስትን የሚያድናት በራሷ ስም የተተኪ አበል ማውጣቷ ነው። በራሷ የአበል መዝገብ ያላት ሴት ነገ የትም ቢሮ ስትሄድ የምትረግጠው መሬት አላት። ግን ስንቶቻችን እናቶች ነን ይኼን የምናውቀው? ለቅሶው ያልቃል፣ አርባው ይወጣል፣ ሰማንያው ይወጣል፤ ከዚያ ጽሕፈት ቤት ስትሄድ “የጋብቻ ማስረጃ” ትባላለች። “ኧረ ልጄ፣ 38 ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው” ትላለች። ሰፈሩ ግን ማኅተም የለውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውንም፣ በሃይማኖት የተፈጸመውንም፣ በባህል የተፈጸመውንም ጋብቻ ይቀበላል። ችግሩ ጋብቻው አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በሽማግሌና በካህን የተጋባው ሕዝብ ቁጥሩ ስንት ይሆን!

በሌላ በር የገቡት

አሁን ሌላውን በር እንይ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ቆይቶ አዲስ አበባም ገባ። ይኼኛው የታሰበው ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ከተሜ ነው፤ ለጉልት ነጋዴው፣ ለሊስትሮው፣ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጠው። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ቤት ነው። አባወራ ወይም እማወራ ይመዘገባል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ቤተሰቡ ይታከማል። መክፈል የማይችለው ድሃ በአካባቢው ሰው ተመርጦ መንግሥት ይከፍልለታል።

በሰፈራችን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ወገባቸው እንደጎበጠ ቀርቷል። ቀጣሪ አይተው አያውቁም፤ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ወረዳው መክፈል ከማይችሉት ጋር መዝግቧቸው ደብተራቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ይታያሉ። ከእሳቸው አጥር ቀጥሎ ደግሞ 30 ዓመት መንግሥትን ያገለገሉ ጸሐፊ አሉ። እሳቸው “ደመወዝተኛና ጡረተኛ በሌላው መድን ይካተታል” የሚል ወሬ ሰምተው ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ከረሙ። ያ “ሌላው መድን” ደግሞ ከላይ እንዳወራሁላችሁ ነው። በእኔ አስተያየት ጡረተኛው የተጎዳው ስለተረሳ ሳይሆን የማይከፈት በር ፊት ተሰልፎ ስለቆየ ነው።

ብልጦች ግን አሉ። እንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ባለቤታቸው እንጀራ ይሸጣሉ። ወረዳ ሲሄዱ “እኔ ጡረተኛ ነኝ” ብለው አልጀመሩም። “ባለቤቴ እንጀራ ሻጭ ነች፤ ቤታችንን መመዝገብ እንፈልጋለን” አሉ። እማወራዋ ተመዘገቡ፣ ጡረተኛው በሚስታቸው ታከሙ። ሰውየው እስከዛሬ ይስቃሉ፤ “30 ዓመት እኔ አበላኋት ስል፣ ለካ ያሳከመችኝ ምጣዷ ነች!” ይላሉ። ውሸት የለበትም፤ ቤቱ የእንጀራ ሻጯም ቤት ነውና። እናንተም የወረዳችሁን የጤና መድን ክፍል ስትጠይቁ ቤታችሁ በማን ስም ሊመዘገብ እንደሚችል ጠይቁ እንጂ፣ “ጡረተኛ ይመዘገባል ወይ?” ብላችሁ “አይ” የሚል መልስ ይዛችሁ አትመለሱ። የምዝገባ ጊዜው በዓመት ውስጥ የተወሰነ ነው፤ ካለፈ አለፈ።

ልጆቻቸው ውጭ ላሉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። “እናቴን አሜሪካ ወስጄ አሳክማታለሁ” የሚል ልጅ ብዙ ነው። አሜሪካ 65 ዓመት ለሞላው ሜዲኬር የሚባል መድን አላት። ሆኖም በግሪን ካርድ የገቡ እናት፣ እሳቸውም ባላቸውም እዚያ ሠርተው ግብር ያልከፈሉ ከሆነ፣ ያንን መድን በገንዘባቸው እንኳ ለመግዛት 5 ዓመት ሳያቋርጡ እዚያ መኖር አለባቸው። ለልጁ እናት ናቸው፤ ለሜዲኬር ገና እንግዳ ናቸው። ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ይኼን ማወቅ ይጠቅማል።

ተቆጥሮም ቢሆን

እሺ፣ ጡረተኛው ተቆጠረ እንበል። ያ ደንብ ቁጥር 271 አይሸፈኑም ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ መነጽር አለ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ። የመስሚያ መሣሪያ አለ። የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራም አለ። እንዴ! ጡረተኛ ሌላ ምን ይጠይቃል? ይኼን ለአንድ አዛውንት ባነብላቸው፣ “እንግዲያውስ ጡረተኛ አባል ነው ያሉት፣ ሳይታመም ነዋ!” አሉኝ።

ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ከመሰናበቻችሁ ቢያንስ ዓመት ቀደም ብላችሁ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ግቡና “ጡረታ ስወጣ የእኔና የባለቤቴ ሕክምና ምን ይሆናል? በየትኛው አንቀጽ?” ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል “አይዞህ” ቢሏችሁ አትመኑ። የአገልግሎት ዘመናችሁ በትክክል መመዝገቡን፣ ድርጅቱም የጡረታ መዋጮውን በየወሩ ማስገባቱን ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄዳችሁ አጣሩ፤ ከደመወዝ ቆርጦ የማያስገባ አሠሪ የለም እንዳትሉ።

በመጨረሻ ለአንዲት የሰፈራችን ልጅ መልስ ልስጥ። “እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ነች። አባቴ በግሉ አናጢ ነበር፤ አበል የለውም። እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ሁለቱንም የማስታምመው እኔ ነኝ። ከሦስታችን ማን ይቆጠራል?” ብለሻል። እህቴ፣ በማኅበራዊው መድን አባል እናትሽ ናቸው። አባትሽ በእናትሽ በኩል ይገባሉ። አንቺ አትገቢም፤ የምታስታምሚው አንቺ መሆንሽ የትም አልተጻፈም። በማኅበረሰብ አቀፉ በኩል ቤታችሁ ከተመዘገበ ግን ላንቺ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎ መግባት ትችያለሽ። አሁን የሚያስቸኩልሽ የአባትሽ ነገር ነው። በ1970ዎቹ በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ወረቀት የለንም ብለሻል። ወደ ወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቂ፤ ምስክር መባሉ አይቀርም። ከሚዜዎቻቸው ሁለቱ በሕይወት አሉ ብለሻል፤ አንደኛው ታመዋል ብለሻል። በዚህ ሳምንት ሂጂ።